ሄንሪ ወይስ ብራውኒንግ? ለጀማሪ የሚሆን ባለማንሻ 22

ወንድሜ፣ ለኢላማ ልምምድ የሚሆን ባለማንሻ 22 ካሊበር ጠመንጃ (ምላጩ ጋ ያለውን እጀታ ወደታች ገፍተህ እየመለስክ የምታጎርሰው) ፈልገህ ሄንሪና ብራውኒንግ መሃል ተወዛግበሃል። ለመጀመሪያ ጠመንጃ ከሆነ እኔ ሄንሪ ኤች001 እላለሁ። ማንሻው ልስልስ ነው፣ ዋጋውም ቀለል ይላል። 15 ሎንግ ራይፍል (የተለመደው የ22 ጥይት) ይጎርሳል፤ አጭሩን ጥይት ከሆነ 21። የጠመንጃው አካል ላይ ያለው ሽፋን ብረት (ስቲል) አይምሰልህ፣ ቀለም የተቀባ ቅይጥ ነው። ለ22 ግን ምንም አይልም።

የብራውኒንግ ቢኤል-22 ማንሻ የሚሄደው 33 ዲግሪ ብቻ ነው። ምላጩም አብሮት ስለሚወርድ ጣትህ አይቆነጠጥም። እጁ ትንሽ ለሆነ ሰው ይሄኛው ያሸንፋል። ያገለገለ የማትጠላ ከሆነ ሌላውን ባለማንሻ 22፣ ማርሊን 39ኤን እይ፤ አንዷን ብሎን ስትፈታ ለሁለት ይከፈልና ከኋላ በኩል ይወለወላል።

ከመግዛትህ በፊት ትከሻህ ላይ አድርገህ ማንሻውን ስራው። ከትከሻህ ሳይወርድ ካልሄደልህ ተወው።

አንድ ነገር ልብ በል፦ ጥይቱ የሚቀመጠው በርሜሉ ስር ባለው ቱቦ ነው። የውስጡን ዘንግ አውጥተህ ብታራግፈውም አንዷ ተደብቃ ልትቀር ትችላለች። አፈሙዙን ወደማያሰጋ ቦታ አዙረህ፣ ማንሻውን ደጋግመህ ከፍተህ ዝጋ፤ ከዚያ ጎሬውን (ጥይቱ ሲተኮስ የሚገባበትን የበርሜሉን የኋላ ቀዳዳ) በዓይንህ እይ፣ በጣትህም ዳስስ።