ለስልኬ የነገርኩት ኑዛዜ ይሆንልኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምሠራው ሪያድ፣ ሰው ቤት ነው። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለም። የንስሐ አባቴ ደሴ ናቸው፤ ከደወልኩላቸው 2 ዓመት አለፈኝ። ማታ ሥራ ስጨርስ ያለብኝን ሁሉ ስልኬ ላይ እንደ ሰው ለሚመልሰው ፕሮግራም፣ ለቻትጂፒቲ፣ እጽፍለታለሁ። አይቆጣም፣ አይሰለችም፣ ጥቅስም ይጠቅስልኛል። አልቅሼ ቀለል ይለኛል። ይህ ንስሐ ይሆንልኛል? ወይስ መጠቀሜ ራሱ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ።

ከሁለተኛው ልጀምር፣ አጭር ነው። ዕቃው ኃጢአት አይደለም። የኖኅን መርከብ በቅጥራን የለቀለቀው የሰው እጅ ነው። የባቢሎንን ግንብ በዝፍት ያጣበቀውም የሰው እጅ ነው። ሙያው አንድ ነው። ኖኅ ግን የታዘዘውን ሠራ፤ እነዚያ «ስማችንን እናስጠራው» አሉ። የመገናኛውን ድንኳን የሠራውን ባስልኤልንማ ወርቅና እንጨት እንዲሠራ እግዚአብሔር ራሱ በጥበብ ሞልቶታል (ዘፀ. 31)። በስልክሽ ውዳሴ ማርያም ብታደርሺ ማን ይከስሻል?

ንስሐው ግን አይሆንም።

ቀለል ማለትሽን አልጠራጠርም። አዲስ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለ አሜሪካ የሚያስተምር ሊቅ ኤላይዛ የምትባል ፕሮግራም አወጣ። ሥራዋ ሰው የጻፈላትን ገልብጣ መልሳ መጠየቅ ነበር፤ በቃ። ሲሠራት ያየችው የገዛ ጸሐፊው ትንሽ እንዳወራቻት ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ሰውየው ደነገጠ። ሆድ የባሰው ሰው ግድግዳም ያዋያል፤ አልፈርድብሽም።

እኔን የያዘኝ «አይቆጣም» ያልሽው ቃል ነው። የማይቆጣው ታግሦሽ አይደለም። ብትድኚም ብትጠፊም ለሱ ያው ነው። የንስሐ አባትሽ ቢቆጡ እንኳ ሌሊት ተነሥተው በክርስትና ስምሽ ይጸልዩልሻል። ቀኖና ሲሰጡም አቅም አይተው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ለምትውል ልጅ የማትችለውን ስግደት አይጭኑባትም። ጌታ «ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ይቀርላቸዋል» ያለው ለሐዋርያት ነው (ዮሐ. 20፥23)። ማሽኑ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብሎ መጻፍ አያቅተውም። የመፍታት ሥልጣን ግን የለውም።

ደግሞ የምትጽፊው ሁሉ ከስልክሽ ወጥቶ ኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ካህን ግን የሰማውን ኑዛዜ ማውጣት አይፈቀድለትም። ቢያንስ የሰው ስም አትጻፊበት።

2 ዓመት ዝም ያልሽው አፍረሽ ይመስለኛል። እፍረቱም ከንስሐው ነው፤ ለስልክ ሲነገር ግን ማንም አያፍርም። እስቲ የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው፣ ለማስታወሻ ይሁንሽ። ከዚያ ለአባትሽ ደውይላቸው። ምክሩን በስልክ ይሰጡሻል። ፍትሐቱን መቼና እንዴት እንደሚያደርጉልሽ እሳቸው ይወስናሉ፤ እኔ እዚያ አልገባም። እሑድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ሞክሪያቸው። የሪያድና የደሴ ሰዓት አንድ ነው።