ጊዜ ይጠፋብኛል፤ ባለሙያ እንዴት ልፈልግ?

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። በልጅነቴ የደረሰብኝን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሰዓታት ይጠፉብኛል። ባለፈው ወር ከትምህርት ቤት ስወጣ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ነቃ ስል አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ቆሜያለሁ። አንዳንዴ እጄ የራሴ አይመስለኝም። እናቴ ጸበል ትለኛለች፤ አንድ ክሊኒክ ደግሞ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጥቶ ሸኘኝ። ይህን የሚያክም ባለሙያ እንዴት ይገኛል?

መልስ፦ የገለጹት ስሜት በሕክምናው ዲሶሴሽን ይባላል፤ አእምሮ መሸከም ያቃተውን ነገር ከትዝታ፣ ከስሜት ወይም ከሰውነት ሲነጥለው የሚመጣ ነው። ነገር ግን የሚጥል በሽታም ሳያንቀጠቅጥ ሊያፈዝና ጊዜ ሊያስረሳ ይችላል፤ የጭንቅላት ጉዳት፣ አልኮልና አንዳንድ መድኃኒቶችም እንዲሁ። ስለዚህ መጀመሪያ እነዚህ ይጣሩ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈው ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል ይሂዱ። ኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለካ ምርመራ) ታዞ ውጤቱ ንጹሕ ቢሆንም፣ ያ ብቻውን የሚጥል በሽታ የለም አያሰኝም።

ተመላላሽ ክፍል ውስጥ የሚያገኙት ጊዜ አጭር ስለሆነ አንድ ገጽ ጽፈው ይያዙ፦ መቼ፣ ለስንት ሰዓት፣ ከዚያ በፊት ምን ተፈጠረ፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነበር፣ ምን መድኃኒት ወስደው ነበር። የልጅነቱን ዝርዝር በመጀመሪያው ቀን መናገር ግዴታ የለብዎትም። «ከባድ ነገር ደርሶብኛል፤ ዛሬ ግን አልዘረዝረውም» ይበቃል። ድምፅ የሚሰሙ ከሆነ ግን አይደብቁ፤ ከውስጥ ይሁን ከውጭ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም ይንገሩ። ይህ ሳይጠየቅ ታልፎ ስኪዞፍሬንያ (ከእውነታ የሚያርቅ ሌላ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ነው የተባለ ሰው ብዙ ነው። ባለ 28 ጥያቄው የዲሶሴሽን መጠይቅ ከተሞላልዎትና አማካዩ ከ100 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልጋል ማለት ነው እንጂ በሽታው ተረጋገጠ ማለት አይደለም።

መድኃኒት የሚያዝልዎት ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) ወይም የሳይካትሪ ነርስ ነው፤ ለረጅሙ የንግግር ሕክምና ግን ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት (በንግግር የሚያክም የሥነ ልቦና ባለሙያ) ይፈልጉ። «የምክር አገልግሎት» የሚል ታፔላ ብቻውን ማስረጃ ስላልሆነ የትምህርት ደረጃና የሙያ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ነውር የለውም። «የዲሶሴሽን ስፔሻሊስት» ብለው ከፈለጉ ደግሞ ባዶ እጅዎን ሊመለሱ ይችላሉ። እኛ ከማዕረጉ ይልቅ የምናምነው በስልክ የምትጠየቅ አንዲት ጥያቄን ነው፦ «የመጀመሪያዎቹን ወራት በምን እናሳልፋለን?»

ደህና መልስ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ደህንነት፣ ሲፈዙ ወዲያው ወደ አሁኑ ስለሚመለሱበት ዘዴ ያወራል። ሕክምናው ሦስት ደረጃ አለው፦ መረጋጋት፣ ከዚያ ትዝታውን በጥቂት በጥቂቱ ማየት፣ በመጨረሻም ሕይወትን መልሶ መገጣጠም። «ሁሉንም አውጪው፤ ይቀልሻል» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት ይለፉት። ወደ አሁኑ መመለሻውን ሳይለምዱ ትዝታውን መክፈት የሚጠፋውን ጊዜ ሊያበዛው ይችላል፤ ራስን ወደ መጉዳትም ሊገፋ ይችላል። ዓይን እያንቀሳቀሱ ክፉ ትዝታን ለማከም የሚሠራው ኢ.ኤም.ዲ.አር የተባለው ሕክምናም ከመረጋጋቱ በፊት አይጀመርም። በሂፕኖሲስ (በንግግር አፍዝዞ) የተረሳውን ላውጣልሽ ለሚል እሺ አይበሉ፤ ያልሆነ ትዝታም ሊፈጠር ይችላል።

በየሳምንቱ በቋሚ ሰዓት፣ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ የሚሰጥዎት ይሁን። «እንዲህ ዓይነት ብዙ አላከምኩም፤ ግን ከሌላ ባለሙያ ጋር እየተመካከርኩ እሠራለሁ» የሚል፣ በሦስት ቀጠሮ አድንሻለሁ ከሚል ይሻላል። ቋንቋም ይቁጠሩ፤ ያደጉት በሲዳምኛ ከሆነ የልጅነት ነገር በአማርኛ ላይወጣ ይችላል።

ሐዋሳ ውስጥ የተማሪዎ ወላጅ ካርድ ክፍል ሊሠራ ይችላል ብለው ከሰጉ፣ አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ በቪዲዮ ማየትም ይቻላል፤ የመጀመሪያው ምርመራ ግን በአካል ቢሆን እንመርጣለን። ኔትወርክ ሲቋረጥ ማን መልሶ እንደሚደውል፣ ፈዘው ቢቀሩ ለማን እንደሚደወል አስቀድመው ይስማሙ።

ኪኒኑን በተመለከተ፦ ዲሶሴሽንን ራሱን የሚያድን መድኃኒት የለም፤ አብሮት የሚመጣው ድባቴ ግን ይታከማል። የተሰጠዎት ዲያዜፓም የተባለው ማረጋጊያ ወይም የዚያው ዓይነት መድኃኒት ከሆነ ፍዘቱን ሊያብስና ሱስ ሊሆን ይችላል። ለሳምንታት ከወሰዱት በድንገት አያቋርጡ፤ ሊያንዘፈዝፍ ይችላል። ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስልዎት።

ጸበሉ ላይ ከእናትዎ ጋር መጣላት አያስፈልግም። ችግሩ መድኃኒት አቁሚ ሲባል፣ ሰው ሲታሰር ወይም ሲገረፍ ነው። ቤተሰብ «ይዟታል» የሚል ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች የአእምሮ ሕመም መለያ መመዘኛ በዚህ መልክ የሚገለጥ ዲሶሴሽን እንዳለ ይጠቅሳል።

ጥያቄ፦ እህቴ በድንገት ፈዛ ትቀራለች። ክብሪት እናሽታት?

መልስ፦ ክብሪትም ሽንኩርትም አያስፈልግም፤ ውኃ አትርጩባት፣ ጨምድዳችሁም አትያዟት። ከዚህ በፊት ክፉ ነገር ደርሶባት ከሆነ ንክኪ ያንን ሊቀሰቅስባት ይችላል። ፊት ለፊቷ ትንሽ ራቅ ብለህ ተቀመጥ። ስምህን፣ ቀኑንና ያላችሁበትን ቦታ በዝግታ ንገራት፤ እግሯን መሬት እንድትረግጥ፣ የምታያቸውን አምስት ነገሮች እንድትጠራ ጠይቃት። ቀዝቃዛ የውኃ ጠርሙስ ብትይዝ ይረዳል። ሰውነቷ ከ5 ደቂቃ በላይ ከተንዘፈዘፈ ወይም ካልነቃች ወደ ሆስፒታል ውሰዳት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። መሞት እፈልጋለሁ ካለች ብቻዋን አትተዋት፤ ኪኒኑንና የተባይ መርዙን ከቤት አውጥተህ የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል አድርሳት።