የፎገራና የበቾ ሜዳ ዋልካ አፈር፦ ጥያቄና መልስ

ርብና ጉማራ ጣና ከመግባታቸው በፊት በክረምት የሚተኙበት የፎገራ ሜዳ፣ እንዲሁም የላይኛው አዋሽ የሚያጥለቀልቀው በቾ፣ አፈራቸው ጥቁር ከባድ ሸክላ ነው። አንዱ ጋ ዋልካ፣ ሌላው ጋ መረሬ፣ ሸዋ ላይ ደግሞ ኮትቻ ይሉታል። የደረሱኝን ጥያቄዎች በመጡበት ተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ማሳዬ ዋልካ መሆኑን ያለ ላቦራቶሪ እንዴት ልወቅ? ጎረቤቴ "ጥቁር ሁሉ ዋልካ ነው" ይለኛል።

ጥቁረቱ ብቻውን አይበቃም። የካቲትና መጋቢት ላይ ማሳው ላይ ጣት የሚያስገባና ግማሽ ሜትር የሚወርድ ስንጥቅ ካለ አንድ ምልክት አገኙ። ከዚያ አንድ ሜትር ያህል ቆፍረው የጉድጓዱን ግድግዳ ይዩ። ጓሉ በሰያፍ ተላቆ፣ የተላቀቀበት ገጽ በቅባት የተወለወለ ይመስል የሚያብለጨልጭ ከሆነ ጥርጥር የለውም። አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ መሄጃ ስለሚያጣ እርስ በርሱ እየተፋተገ የሚያወጣው ገጽ ነው። በመጨረሻ እርጥቡን አፈር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፉ እንደ ጥብጣብ ያውጡት፤ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ሳይበጠስ ከወጣ ከባድ ሸክላ ነው።

ወንዙ ዳር ያለው ማሳዎ ግን ይህን ፈተና ሊወድቅ ይችላል። ጎርፍ ከወንዙ አፋፍ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጥለው አሸዋውንና ደለሉን ነው። ሸክላው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ የተኛ ውሃ ውስጥ እንጂ አይሰፍርም፤ ስለዚህ ከወንዙ በራቁ ቁጥር አፈሩ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ጥቁር ከሆነ ለም ነው ማለት አይደለም? ታዲያ በቾ ላይ ስንዴዬ ነሐሴ ሲገባ ለምን ይቢጫል?

ጥቁረቱ ከብስባሽ ብዛት የመጣ አይደለም። ጥቂት ብስባሽ ከሸክላው ጋር አጥብቆ ስለተያያዘ አፈሩን ያጠቁረዋል እንጂ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 በመቶ ነው። ካልሲየምና ማግኒዥየም አለው፤ የሚያጥረው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው።

ቢጫነቱ ግን ከውሃው ነው። ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ ይህ አፈር በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ላያሰርግ ይችላል። በአንድ ቀን 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ከግማሽ የሚበልጠው መሬቱ ላይ ይቆማል። ሥሩ አየር ያጣል፤ አየር ያጡት ረቂቅ ተሕዋስያንም ናይትሬቱን (ተክሉ የሚመገበውን ናይትሮጅን) ወደ ጋዝ ለውጠው ያባክኑታል። በቆመ ውሃ ላይ ዩሪያ መጨመር ለአየር መመገብ ነው። መጀመሪያ ውሃውን ያስወጡ፣ ሦስትና አራት ቀን ይጠብቁ፣ ከዚያ ዩሪያውን ይስጡ።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው የማስወጣው? ሜዳው እኮ ጠፍጣፋ ነው።

በሰፊ መደብና ቦይ ነው። ልኩ መደቡ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከቦይ መሐል እስከ ቦይ መሐል 120 ይሆናል። ይህን መደብ የሚያወጣው ቢቢኤም የሚባለው መሣሪያ ሁለት የባህል ማረሻ ጎን ለጎን አጣምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኢልካ (የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል) ያካሄደው የመረሬ ሥራ ውጤት ነው። ሐሳቡ ግን ለገበሬው አዲስ አልነበረም፤ በሞረትና ጅሩ፣ እነዋሪ አካባቢ መደቡን በእጅ እያወጡ ሲያርሱ የኖሩ ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መደቡ ላይ ሳይሆን የቦዩ መጨረሻ ላይ ነው። መውጫ የሌለው ቦይ ኩሬ ነው። መደብ ከመሥራትዎ በፊት ውሃ በሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ከማሳው ራስ እስከ ግርጌ ልዩነቱን ይለኩ። በ100 ሜትር ከ40 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ካገኙ መልካም ነው፤ ካነሰ ቦዩን ያሳጥሩና ማሰባሰቢያ ቦይ ይጨምሩ። ውሃው የጎረቤት ማሳ ላይ የሚያበቃ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ማረሻ የሚፈታው አይደለም። ግንቦት ላይ፣ ዝናብ ሳይገባ፣ ተጎራባቾች ተስማምተው አንድ የጋራ ቦይ እስከ ወንዙ ማውጣት አለባቸው። ሐምሌ ላይ የሚደረግ ስምምነት ጠብ ነው።

ጥያቄ፦ መቼ ልረሰው? ዛሬ ጭቃ፣ ከነገ ወዲያ ድንጋይ ይሆንብኛል።

ከ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር አውጥተው በመዳፍዎ ያድቦልቡሉት። 3 ሚሊ ሜትር እስኪቀጥን ድረስ እንደ ሽቦ ሳይሰነጠቅ ከተጠቀለለ ገና እርጥብ ነው፤ ቢያርሱት ማረሻው ይለስነዋል፣ ሲደርቅም ጡብ ይሆናል። እዚያው ውፍረት ላይ ሲደርስ የሚፈረካከስ ከሆነ በሬዎቹን ጥመዱ፣ እስከ ማታም አያዘግዩ። ከናካቴው ካልተድቦለቦለና ጓሉ በጣት ካልተሰበረ ቀኑ አልፎብዎታል፤ ቀጣዩን ዝናብ ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ አሸዋ ባደባልቅበትስ? ጂፕሰምም ይመክሩኛል።

አሸዋውን እናስላው። የሩብ ሄክታር የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር 600 ቶን ገደማ ይመዝናል። ሸክላውን ከ60 በመቶ ወደ 40 ለማውረድ የክብደቱን ግማሽ፣ ማለትም 300 ቶን አሸዋ ይጠይቃል፤ 12 ሲኖትራክ መሆኑ ነው። ለጓሮ መደብ ካልሆነ አያዋጣም።

ጂፕሰም (የጀሶ ድንጋይ) የሚረዳው ሶዲየም የበዛበትን አፈር ነው። የላቦራቶሪ ውጤቱ ከሸክላው ጋር የተያያዘው ሶዲየም 15 በመቶ መድረሱን ካላሳየ ብርዎን ያስቀምጡ። ፍግና የሰብል ቅሪት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ፎገራ ላይ ሩዝ ነው የማመርተው። ውሃ ማስወጣቱ እኔን አይመለከትም አይደል?

በከፊል። ሩዝ የቆመ ውሃ ስለሚችል ነው ሜዳው ለእሱ የተመቸው፤ ዩሪያው ግን እንደ ስንዴው ይባክናል። ሁሉንም በአንዴ አይበትኑት። አንድ ሦስተኛውን በዘር ጊዜ ከአፈሩ ጋር ያደባልቁ፣ አንዱን ከሥሩ ተጨማሪ ቀንበጥ ሲያወጣ፣ የቀረውን ዘለላ መቋጠር ሲጀምር ይስጡ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጊዜ የማሳውን ግድብ ከፍተው ውሃውን አጉድለው ይበትኑ፣ ሁለት ቀን ቆይተው መልሰው ይዝጉ።

ሌላው ዚንክ ነው። ውሃ ከተኛበት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ላይ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ከታየና ቡቃያው እዚህም እዚያም ከቀጨጨ፣ በ20 ሊትር ውሃ 100 ግራም ዚንክ ሰልፌትና 50 ግራም በውሃ የጠፋ ኖራ በጥብጠው፣ አጥልለው ይርጩ። ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይደግሙታል። በሽታ ነው ብለው የፈንገስ መድኃኒት የሚረጩ አሉ፤ ምንም አይሠራላቸውም።

ጥያቄ፦ ጎርፉ 10 ሴንቲ ሜትር ደለል ጥሎብኝ ሄደ። ልጥረገው?

አይጥረጉ። ቆፍረው ቀለሙንና ልስላሴውን ይዩ፤ ደለሉ ለስላሳ ከሆነ አንድ ጊዜ ጥልቅ እርሻ ከታችኛው ጋር ይቀላቅለዋል። ሳይቀላቀል ከቀረ ግን ሁለቱ ድርብርብ መካከል ውሃው ይቆማል፣ ሥሩም እዚያው ይታጠፋል። ንጹህ አሸዋ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ለቤት ሠሪ ይሽጡት።

ጥያቄ፦ ከሩዝ በኋላ ሽንኩርት በመስኖ እተክላለሁ፤ ውሃው ግን አልዳረስ አለኝ።

ስንጥቁ አፉን እስኪከፍት ጠብቀው ስለሚያጠጡ ነው። ውሃው በስንጥቁ ወርዶ ከሥሩ በታች ያልፋል። መሬቱ ፀጉር ያህል ሲሰነጠቅ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ያጠጡ። ሽንኩርቱን ከፍ ባለ መደብ ላይ ይትከሉ። ውሃ የማያገኙ ከሆነ ግን ሽምብራ ወይም ጓያ ይዝሩ፤ ይህ አፈር የያዘው እርጥበት ያለ ዝናብ ያደርሳቸዋል።

ጥያቄ፦ የግጦሽ ሜዳችንን አሜኬላ ወረሰው።

አሜኬላ እሾሃማ አረም ስለሆነ ከብት አይነካውም፤ እሱ ራሱም ረግረግ ይወዳል። ዘር ሳይቋጥር፣ መሬቱ ገና ለስላሳ ሳለ ከነሥሩ ይነቀላል። ከደረቀ በኋላ ማጨድ ዘር መበተን ነው።

ጥያቄ፦ በዚሁ አፈር ላይ ቤት ልሠራ ነው።

አጥፊው እርጥበቱ ሳይሆን መለዋወጡ ነው፤ ግድግዳው በሰያፍ የሚሰነጠቀው አንዱ ጥግ ሲያብጥ ሌላው ደርቆ ስለሚወርድ ነው። ለቀላል ቤት ዋልካውን ከ1 እስከ 1.5 ሜትር አውጥተው በገረጋንቲ ይሙሉ፣ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ውሃ እያረጠቡ ይጠቅጥቁ። የጣሪያው ውሃ መሠረቱ ሥር እንዳይወድቅ አሸንዳ ያድርጉ፤ ባሕር ዛፍንም ያርቁ። ፎቅ ከሆነ ያለ አፈር ምርመራ አይጀምሩ።