«ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎ ዛሬ ምን ነካሽ?»

ጤና ይስጥልኝ። የጎንደር አዘዞ ነዋሪ ነኝ። አባቴ ሲሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የለቅሶው ዕለት አክስቴ ቤት ወሰዱኝ። ድንኳኑንም ቀብሩንም አላየሁም። «አባትሽ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዷል» አሉኝ። ቆዳ ጫማው አልጋ ሥር ነበር። ሲመጣ ያደርገዋል ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀለም እቀባው ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማው የለም። ለሰው ሰጥተውታል። መሞቱ የገባኝ ያኔ ነው። ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ግን የለም። አሁን ልጄ ሰባት ዓመት ሞላት። ትምህርት ቤት አድርሻት ስመለስ እንባዬ ይመጣል። ባለቤቴ «ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎ ዛሬ ምን ነካሽ?» ይለኛል። እኔም ግራ ገባኝ።

መልስ፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን የምልሽ፣ ያኔ ለትልልቆቹ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ሲባል ለአንቺ ያለሽ ሰው እንደሌለ ስለገባኝ ነው።

ልጅ ሐዘኑን በአንዴ አይጨርስም። ትንሽ ያለቅስና ሊጫወት ይወጣል። ትልቅ ሰው ደግሞ «ረስቶታል» ይላል። ልጆች ሞት መመለሻ እንደሌለው የሚረዱት ባብዛኛው ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። አንቺ እዚያው ላይ ሳለሽ «ሄዷል» ተባልሽ። ሐዘኑም አብሮሽ አደገ። ሰው ሲመረቅ፣ ሲያገባ፣ ሲወልድ እንደገና ይቀሰቀሳል። የራሱ ልጅ እሱ ሐዘን የደረሰበት ዕድሜ ላይ ስትደርስም እንዲሁ። ሰባት ዓመት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አሁን በዓይንሽ እያየሽ ነው።

ቤተሰቦችሽ ክፉ አላሰቡም፤ እንዳትደነግጪ ብለው ነው። ግን ትልቁ ሰው ሠልስት አለው፣ አርባ አለው፣ ሙት ዓመት አለው። እድርተኛው መጥቶ አብሮት ይቀመጣል። ልጅ ከዚህ ሁሉ ሲገለል ብቻውን ያዝናል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ዊሊያም ዎርደንና ፊሊስ ሲልቨርማን የተባሉ ተመራማሪዎች ቦስተን ውስጥ ወላጅ የሞተባቸውን 125 ልጆች ተከታትለው ነበር። ብዙዎቹ ከሞተው ወላጅ ጋር ያወራሉ፣ ዕቃውንም ይይዛሉ። የአንቺ ጫማም ያው ነው።

እናትሽ ወይም አክስትሽ ካሉ ቡና አፍልተሽ ጠይቂያቸው። በምን ታመመ? ማን አጠገቡ ነበር? ከባለቤትሽ ጋር መቃብሩ ወዳለበት ቤተ ክርስቲያን ሂዱ፤ አልቅሺለት። ልጅሽንም «አባቴ ልጅ ሳለሁ ሞቶብኛል፣ ናፍቆኝ ነው የማለቅሰው» በያት። አለዚያ በእሷ ጥፋት ይመስላታል። እንቅልፍ ከነሳሽ ወይም ሥራ ካቃተሽ ግን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ዛሬ ነገ ሳትዪ ሂጂ።