ከ«ሉክ ፎርዋርድ ቱ» በኋላ ግሱ እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዤ ሥራ በማፈላለግ ላይ እገኛለሁ። ለአንድ ድርጅት በእንግሊዝኛ የጻፍሁትን የማመልከቻ ደብዳቤ «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» በሚል ዓረፍተ ነገር ደምድሜ ለጓደኛዬ ባሳየው፣ «ሂር» የሚለው «ሂሪንግ» መሆን አለበት ብሎ አረመልኝ። እኔ ደግሞ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ የተማርሁት ከ«ቱ» በኋላ ግሱ ምንም ሳይጨመርበት እንደሚጻፍ ነው። ትክክሉ የማን ነው? ምክንያቱንም ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጓደኛዎ ትክክል ናቸው፤ ዓረፍተ ነገሩ «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» ተብሎ መጻፍ አለበት። ይህ ሲባል ግን እርስዎ በትምህርት ቤት የተማሩት ሕግ የተሳሳተ ነው ማለት አይደለም። ሕጉ ለሌላው «ቱ» የወጣ በመሆኑ እዚህ ቦታ ላይ አይሠራም።

በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸውም ሆነ አነባበባቸው አንድ የሆነ፣ ሥራቸው ግን የተለያየ ሁለት «ቱ»ዎች አሉ። አንደኛው ከግስ በፊት እየገባ አርእስት፣ ማለትም እንደ «መስማት» ያለውን የግስ ቅርጽ፣ የሚመሠርተው ነው፤ «አይ ዋንት ቱ ሂር ዘ ኒውስ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ የምናገኘው ይህን ሲሆን፣ ግሱም እርስዎ እንዳሉት ምንም ሳይጨመርበት ይከተለዋል። ሁለተኛው መስተዋድድ ነው፤ «ሺ ዌንት ቱ ጂማ» ስንል የምንጠቀምበት ማለት ነው። መስተዋድድ ከኋላው ስም እንዲመጣለት ይፈልጋል፤ በስሙ ቦታ ግስ ማስገባት ካስፈለገም ግሱ መጨረሻው ላይ «ኢንግ» ጨምሮ የስምነት ባሕርይ መያዝ ይኖርበታል። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ሦስት ቃላት ተጣምረው «በጉጉት መጠበቅ» የሚል አንድ ፍቺ የሚሰጡበት ሐረጋዊ ግስ ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ ያለው «ቱ» መስተዋድዱ ነው።

ሁለቱን ለመለየት ሰዋስው መሸምደድ አያስፈልግም። ግሱን አንሥተው በምትኩ አንድ ስም ያስገቡና ዓረፍተ ነገሩ ይቆም እንደሆነ ይመልከቱ። «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ዩር ሪፕላይ»፣ «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ዘ ሆሊደይ»፣ «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ኢት» ሁሉም ያስኬዳሉ። «አይ ዋንት ቱ ዘ ሆሊደይ» ግን ፈጽሞ አይባልም። ስም የሚቀበለው «ቱ» መስተዋድድ ነውና ግስ ሲከተለው «ሂሪንግ»፣ «ሚቲንግ»፣ «ወርኪንግ» እያልን እንጽፋለን።

ይህ ስሕተት እኛን አማርኛ ተናጋሪዎችን በተደጋጋሚ የሚያጋጥመን ያለ ምክንያት አይደለም። «መስማት» የሚለው የአማርኛ ቃል አርእስትም ስምም ሆኖ ያገለግላል፤ «መስማት እፈልጋለሁ» እንላለን፣ «መስማቴ ጠቀመኝ»ም እንላለን፣ ቅርጹም አንድ ነው። እንግሊዝኛ ለዚሁ «ቱ ሂር» እና «ሂሪንግ» የሚሉ ሁለት ቅርጾች ስላሉት፣ ሐሳባችንን በአማርኛ አሰናድተን ስንሻገር የትኛውን እንደምንመርጥ የራሳችን ቋንቋ አይነግረንም፤ ስለዚህም ቀድመን የለመድነውን «ቱ ሂር» እናነሣለን።

በዚሁ ሕግ የሚመሩ ሌሎች አገላለጾችም አሉ፤ ከሁሉም የሚያምታታው «ዩዝድ ቱ» ነው። «አይ ዩዝድ ቱ ሊቭ ኢን ጎንደር» ማለት «ድሮ ጎንደር እኖር ነበር» ማለት ሲሆን «ቱ» የአርእስቱ ነው። «አይ አም ዩዝድ ቱ ሊቪንግ ኢን ጎንደር» ሲባል ግን ተናጋሪው አሁንም እዚያው ሊኖር ይችላል፤ የሚለውም «ጎንደር መኖርን ለምጄዋለሁ» ነው፤ እዚህ ላይ «ቱ» መስተዋድድ ነው። «አም» በመግባቷና «ኢንግ» በመጨመሩ ብቻ ፍቺው ከሥሩ ይለወጣልና ይህን ጥንድ ደጋግመው እየጻፉ እንዲለማመዱት አጥብቀን እንመክራለን።

ወደ ደብዳቤዎ ስንመለስ፣ ሊጠነቀቋቸው የሚገቡ ሌሎች ስሕተቶችም አሉ። አንዳንዶች «ለመልስዎ» የሚለውን በማሰብ «ሉኪንግ ፎርዋርድ ፎር ዩር ሪፕላይ» ብለው ይጽፋሉ፤ «ፎር» እዚህ አይገባም። ሌሎች ደግሞ «እንደሚመልሱልኝ በጉጉት እጠብቃለሁ» ለማለት «ሉክ ፎርዋርድ ዛት ዩ ዊል ሪፕላይ» ይላሉ፤ ይህም አያስኬድም፤ ሐረጋዊ ግሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይከተለውምና። «አይ አም ሉክ ፎርዋርድ» ብሎ «አም»ን እና «ሉክ»ን ማጋጠምም ሌላው የተለመደ ግድፈት ነው። ወይ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ»፣ ወይ «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ» ነው የሚባለው። የመጀመሪያው ይበልጥ መደበኛ ስለሆነ ለማመልከቻ ደብዳቤ እሱን እንመርጥልዎታለን፤ ሁለተኛው ለሚያውቁት ሰው ሲጽፉ ሞቅ ያለ ስሜት ይሰጣል።

ከሰዋስው ስሕተት ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው ግን የአክብሮት ጉዳይ ነው። «መልስዎን እጠብቃለሁ» የሚለው በአማርኛ ትሕትና የተሞላ መዝጊያ ነው። እሱን ቃል በቃል በመውሰድ «አይ ኤክስፔክት ዩር ሪፕላይ» ብለው ቢጽፉ ግን አንባቢው «መልስ መስጠት ግዴታህ ነው» የተባለ ያህል ሊሰማው ይችላል፤ «አይ አም ዌይቲንግ ፎር ዩር ሪፕላይ»ም የመቸኮልና የመጫን ስሜት አለው። ሥራ ፈላጊ ለቀጣሪ ሲጽፍ ይህን ዓይነት ቃና ሊያሰማ አይገባውም። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» የተለመደ የጨዋ መዝጊያ የሆነው መጠበቅዎን ሲገልጽ ደስታንም ጨምሮ ስለሚገልጽ ነው። ለቃለ መጠይቅ ከተጠሩ በኋላ የሚጽፉት ከሆነ ደግሞ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚቲንግ ዩ ኦን መንደይ» ብለው ቀኑን ቢጠቅሱ መልእክቱን በጥንቃቄ ማንበብዎንም ያሳያል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። የምንከባከባቸው አንዲት እናት በማግሥቱ የዳሌ ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግላቸው ሲነግሩኝ «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ዩር ሰርጀሪ» አልኋቸው፤ ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። እኔ ማለት የፈለግሁት ቀኑን በሐሳብ እየጠበቅሁላቸው መሆኑን ነበር። ሰዋስው ተሳስቼ ይሆን?

መልስ፦ እኅታችን፣ ሰዋስውዎ እንከን የለበትም፤ ችግሩ ያለው ፍቺው ላይ ነው። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ደስ የሚያሰኝን ነገር መናፈቅን ብቻ ይገልጻል፤ ስለዚህ እኒያ እናት የሰሙት «ቀዶ ሕክምናዎ እስኪደርስ ቸኩያለሁ» የሚል ነው። የሚያስፈራ ወይም የሚያሳምም ነገር ሲሆን አገላለጹ የሚመጣው በአሉታ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው «አይ አም ኖት ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ኢት» ቢሉ «ባይደርስ ደስ ባለኝ» ማለታቸው ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ እርስዎ የሚሉት «አይ ዊል ቢ ቲንኪንግ ኦፍ ዩ ቱሞሮው» ወይም «አይ ሆፕ ኢት ጎዝ ዌል» ነው። ከዚያም ሐረጋዊ ግሱን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወደሚመጣው ቀን አሻግረው «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሲይንግ ዩ ባክ ሂር» ቢሏቸው፣ ተመልሰው መምጣታቸውን እንደሚናፍቁ በትክክል ይረዱልዎታል።