ቦታውን ሳትጽፉ ስሙን አትጻፉ

ልጆቼ፣ ዕፅዋት ለማጥናት ወደ ሰሜን ተራሮች የምትወጡ ሁሉ ስሙን ከመጻፋችሁ በፊት ተክሉ የበቀለበትን ቦታ ጻፉ። ስልካችሁ ፎቶውን አይቶ ስም ይነግራችኋል፤ መልካም ነው። አለቱ እርጥብ ይሁን ደረቅ ግን አይመዘግብላችሁም።

ፕሪሙላ የተባለችውን አበባ ለምሳሌ ውሰዱ። ውሃ በሚንጠባጠብበት ገደል ላይ ተጣብቃ ታገኟታላችሁ። ቅጠሎቿ ከሥሯ ዙሪያውን ተነጥፈዋል፤ ጠርዛቸው ጥርስ ጥርስ ያለው ነው። ብዙ ጊዜም እንደ ዱቄት ጣት ላይ የሚቀር ነጭ ብናኝ ይለብሳሉ። ቢጫ አበቦቿ በዘንጉ ላይ ክብ እየሠሩ በደርብ በደርብ ይወጣሉ።

የየመኗን እህቷን፣ ፕሪሙላ ቬርቲሲላታን፣ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፎርስኮል ነው። እርሱ በ1763 እ.ኤ.አ. እዚያው የመን ሞተ፤ ሥራው የታተመው በ1775 ነው። የእኛዋን፣ የኢትዮጵያዋን፣ ጀርመናዊው ዕፅዋት ሰብሳቢ ሺምፐር ሰብስቦ ላከ፣ የአገሩ ልጅ የዕፅዋት ሊቅ ሆክሽቴተር ፕሪሙላ ሲሜንሲስ ብሎ ሰየማት። ራሷን የቻለች ዝርያ ናት ወይስ የየመኗ ንዑስ ዝርያ? ባለሙያዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እኔ ራሷን የቻለች ናት ከሚሉት ወገን ነኝ፤ እናንተ ልትሞግቱኝ ትችላላችሁ። ሙግቱ ግን የሚቻለው እያንዳንዱ ናሙና ከየት እንደተነሣ ስለተጻፈ ብቻ ነው።

ሦስተኛዋ እህት፣ ፕሪሙላ ቦቬያና፣ በግብፅ ሲና፣ በቅድስት ካተሪና ተራሮች ብቻ ትገኛለች፤ የቀሩትም ጥቂት እርጥብ ቦታዎች ናቸው። እዚያ አንድ ምንጭ ሲደርቅ አብራው የምትጠፋ ተክል ናት። ስለዚህ ፕሪሙላ ስታገኙ ከሥሯ አትንቀሉ፤ ፎቶና ከተፈቀደም አንድ ቅጠል ይበቃል።

ዘሯንም ለጓሮ ብላችሁ አትውሰዱ። በእንግሊዝ የኪው የዕፅዋት መናፈሻ የየመኗ ከሂማላያዋ ፕሪሙላ ፍሎሪቡንዳ ጋር ሳይታሰብ ተዳቀለች። ዲቃላዋ መጀመሪያ መካን ነበረች፤ ኋላ ክሮሞሶሟ ከ18 ወደ 36 ሲባዛ ዘር አፈራች። ለዘረመል ትምህርት ድንቅ ምሳሌ ነው፤ ከገደሉ ሥር ባለ መንደር እንዲደገም ግን አልሻም።

በናሙናው ወረቀት ላይ ከፍታውን፣ ገደሉ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ፣ ውሃው ዓመቱን ሙሉ ይንጠባጠብ እንደሆነ፣ የቅርቡን መንደርና ነዋሪው ተክሏን የሚጠራበትን ስም ጻፉ። «ሰሜን ተራሮች» ብሎ ብቻ የሚያበቃ ወረቀት የደረቁ ናሙናዎች በሚቀመጡበት የዕፅዋት ቤት መደርደሪያ ላይ ባየሁ ቁጥር እስካሁን ያናድደኛል።