አየርላንድን ማንበብ ከፈለጋችሁ ከድንች ጀምሩ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ወጣት «ጋሼ፣ የአየርላንድን ታሪክ ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ብሎ ጠየቀኝ። የግብርና ሰው ነኝና «ከድንች» አልኩት። የቀለድኩበት መሰለው።

አልቀለድኩም። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት ደጋ ላይ፣ ድንች ማሳ ውስጥ ነው። ቅጠሉን በጥቂት ቀን አጥቁሮ ድንቹን አፈር ውስጥ የሚያበሰብሰውን በሽታ ገበሬዎቻችን አሳምረው ያውቁታል። በ1845 አየርላንድ የገባው ያው በሽታ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ስለዚያ ዘመን መጀመሪያ ያነበብኩት በ1962 የወጣውን የሴሲል ውድሃም-ስሚዝን «ታላቁ ረሃብ» ነው። በሽታው የገደለው ድንቹን ነው፤ ሰውን የገደለው ሌላም ነገር እንደነበር የገባኝ ከእሷ ነው። ሕዝቡ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነበር። ድሃው ከድንች ሌላ የሚቀምሰው የለውም፤ አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ በቀን 5 ኪሎ ያህል ይበላ ነበር። መሬቱ የባለርስት ነው፤ እህሉም ለኪራይ ተብሎ ይሸጣል። ሰው እየረገፈ እህልና ከብት በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። 1 ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከዚያ የሚበልጥ ደግሞ ተሰደደ። ለንደን ተቀምጦ እርዳታውን የሚቆጣጠረው የግምጃ ቤት ሹም ቻርልስ ትሬቬሊያን ግን ገበያው ራሱ ይፈታዋል ባይ ነበር። በ1848 «ሰር» ተባለ። እዚያ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ። የ77ቱን ረሃብ ያየ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብሎ ማንበብ ይከብደዋል።

የደብሊን የታሪክ ምሁራን መጽሐፉን ብዙም አልወደዱትም። ስሜት በዝቶበታል አሉ። እንዲያውም በ1963 እዚያው ደብሊን አንድ ኮሌጅ ተማሪዎቹን «ታላቁ ረሃብ ታላቅ ልብ ወለድ ነው» በሚል ርዕስ ጻፉ ብሏቸዋል። የምሁር ሽሙጥ እንዲህ ነው! እኔ ግን አሁንም ከእሷ ጀምሩ እላለሁ። መጀመሪያ ልባችሁ ይነካ። ቁጥሩን ኢኮኖሚስቱ ኮርማክ ኦ ግራዳ ኋላ ያስተካክልላችኋል።

ወደ ግለ ሰብ ታሪክ ስትገቡ አንድ ሰው ብቻ አታንብቡ፤ ባላንጣውንም ጨምሩበት። ማይክል ኮሊንስን ያነበበ ዴ ቫሌራን ሊያልፈው አይገባም፤ ሁለቱም አየርላንድን ከእንግሊዝ አገዛዝ ለማላቀቅ አብረው የታገሉ መሪዎች ነበሩ። ኮሊንስ በታኅሣሥ 1921 ለንደን ላይ ከእንግሊዞች ጋር ስምምነት ፈረመ፤ ደብሊን የቀረው ዴ ቫሌራ አልቀበልም አለ። የትናንት ጓዶች ተታኮሱ። ኮሊንስ በነሐሴ 1922 በተወለደበት በኮርክ አውራጃ ደፈጣ ላይ ተገደለ፤ ገና 31 ዓመቱ ነበር። ዴ ቫሌራ በ90 ዓመቱ እንኳ ፕሬዚዳንት ነበር።

ቲም ፓት ኩጋን የሁለቱንም ሕይወት ጽፏል፤ የኮሊንስን በ1990፣ የዴ ቫሌራን በ1993። አጻጻፉ አይጠገብም። ግን ኮሊንስን ይወዳል፣ ዴ ቫሌራ ላይ ብዕሩ ይመርራል። እኔም እሱን ተከትዬ ዴ ቫሌራን ጠምጄ ይዤው ከረምኩ። በ1996 የወጣው የኮሊንስ ፊልም ደግሞ ባሰ። ፊልሙን ካያችሁ፣ እዚያ የሚገደለው፣ ፖሊስ ቤት ተቀምጦ ለኮሊንስ የሚሰልለው ኔድ ብሮይ በእውኑ ዓለም አልተገደለም። በ1933 የአየርላንድ ፖሊስ አዛዥ ሆኗል። የሾመው የዴ ቫሌራ መንግሥት ነው!

ልቤን ያለዘበው ዲያርሚድ ፌሪተር ስለ ዴ ቫሌራ ጽፎ በ2007 ያወጣው መጽሐፍ ነው። ከዚያ በኋላ የ1935ን ነገር ፈልጌ አነበብኩ። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ ዴ ቫሌራ ጄኔቭ ላይ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ቃሉን ይጠብቅ ብሎ ተናገረ። በኢጣሊያ ላይ የተጣለውን ማዕቀብም ደገፈ። አገሩ ካቶሊክ ናት፤ ሮማን አትንኩብን የሚል ሰው አላጣችም። ለካ ያን ያህል የጠመድኩት ሰውዬ ለእኛ ቆሞ ኖሯል።

ይህ የ1922ቱን ደም አያጥብለትም። ቤት ውስጥ አሁንም ክርክር አለብን፤ ልጄ የለየለት የኮሊንስ ወገን ነው። ዴ ቫሌራ ራሱ ለንደን ሄዶ ያልተደራደረው ለምንድን ነው ሲለኝ ግን፣ ሁሉንም መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርጄ እንኳ የሚያጠግብ መልስ አጣለታለሁ።